ዲጂታል ስዕል በትዕዛዝ ለምትሰሩም ለምታሰሩም፦ ዋጋ እንዴት ይወጣል፣ መከባበሩስ ከየት ይጀምራል

ጀማሪ ሰዓሊዎች ቴሌግራም ላይ የሚጽፉልኝ ነገር ሁሌ ተመሳሳይ ነው፣ ሰው ፖርትሬት (የራሱን መልክ ስዕል) ስራልኝ ብሎኛል ስንት ልበለው፣ 500 ብር ብል ይበዛል እንዴ ነው የሚሉኝ፣ ስራቸውን ከፍቼ ሳየው ደሞ ሁለት ቀን ሙሉ የተቀመጡበት ስራ ነው። በልጆቹ አልናደድም፣ የሚያናድደኝ ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ ቁጭ ብሎ ያሳያቸው ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚ እኔ የምሰራበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልጻፈው፣ ይረዝማል ግን ታገሱኝ። በአይፓድ ፕሮክሬት በሚባለው የስዕል አፕ የምትሰሩም፣ በላፕቶፕና በዋኮም ወይ በሁዮን የስዕል ታብሌት የምትሰሩም፣ በስልክ አይቢስ ፔይንት በሚባለው አፕ በጣታችሁ የምትሰሩም ሁላችሁንም ይመለከታል። ስዕል የምታሰሩ ሰዎችም አንብቡት፣ ለናንተ የሚሆን ክፍል ወደታች አለ።

1. መጀመሪያ የሰአታችሁን ዋጋ እወቁ

ብዙ ሰው ዋጋ የሚያወጣው እንትና ስንት ነው የሚያስከፍለው ብሎ አይቶ ትንሽ ቀንሶ ነው። እንትና ግን ምናልባት ከቤተሰብ ጋር ነው የሚኖረው፣ ወይ ሌላ ደሞዝ አለው፣ ወይ እሱም እየከሰረ ነው። ከሱ ዋጋ አትነሱ፣ ከራሳችሁ ወጪ ተነሱ።

ወረቀት አውጡና የወር ወጪያችሁን ጻፉ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው፣ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት ምናምን 25,000 ብር እንበል። ኢንተርኔትና መብራት 2,000። ከዛ ብዙ ሰው የሚረሳው የእቃ እርጅና አለ፣ ላፕቶፑና ታብሌቱ አንድ ላይ 120,000 ብር ከወጣባቸውና 4 አመት ቢያገለግሉ በወር 2,500 ብር እየበላችሁ ነው ማለት ነው፣ አሁን ካልያዛችሁት ሲበላሽ ከየት ታመጡታላችሁ? በተለይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፎ ነው የሄደው፣ እቃችን ደሞ በሙሉ ከውጭ የሚገባ ነው፣ የብዕሩ ጫፍ ሳይቀር። ለግብር፣ ለህመም፣ ስራ ለሚጠፋበት ወር ብላችሁ 4,500 ጨምሩ። ድምሩ 34,000 ብር ነው።

አሁን ሰአቱ። በሳምንት 40 ሰአት ብትሰሩ በወር ወደ 170 ሰአት ይመጣል፣ ግን 170ውን ሰአት ስዕል ላይ አይደላችሁም። ከደንበኛ ጋር ማውራት፣ ሪፈረንስ (አይታችሁ የምትስሉበት ፎቶ) መፈለግ፣ ፖስት ማድረግ፣ ፋይል መላክ፣ መብራት ጠፍቶ መጠበቅ፣ ይሄ ሁሉ ግማሹን ይወስደዋል። የሚከፈልባችሁ 85 ሰአት ነው እንበል። 34,000 ለ85 ሲካፈል በሰአት 400 ብር ነው። ከዚ በታች የተቀበላችሁት ስራ ከኪሳችሁ እየጨመራችሁ የሰራችሁት ነው።

2. ስራው ስንት ሰአት እንደሚፈጅ በሰው ቁጥር ብቻ አትገምቱ

እዚጋ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። አንድ ሰው ከሆነ ይሄን ያህል፣ ሁለት ሰው ከሆነ እጥፍ ብሎ ዋጋ መለጠፍ ቀላል ነው፣ ግን የኛ ሀገር ትዕዛዝ አብዛኛው ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደትና የሞተ ቤተሰብ ማስታወሻ ነው፣ እነዚ ስራዎች ውስጥ ደሞ ሰአት የሚበላው ፊቱ ብቻ አይደለም። የሀበሻ ቀሚስ ጥለት አለ። ጥለቱን ከሩቅ በብሩሽ ነካ ነካ አድርጎ ማለፍ ይቻላል፣ ሙሽራዋ ግን ያንን ጥለት ራሷ መርጣ ነው ያሰራችው፣ መስቀሉ ስንት መስመር እንዳለው ታውቀዋለች፣ ቀሚሱ ታጥፎ በሚሰበርበት ቦታ ጥለቱም አብሮ ካልተሰበረ ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። ሹሩባም እንደዛው፣ እያንዳንዱ ጉንጉን የራሱ ብርሀንና ጥላ አለው። ካባ ላይ ያለው የወርቅ ጥልፍ ደሞ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ስለዚ የመጀመሪያዎቹን ስራዎች በስልካችሁ ሰአት እየያዛችሁ ስሩ። ፊት ስንት ፈጀ፣ ፀጉር ስንት፣ ልብስ ስንት፣ ባክግራውንድ ስንት። ከጥቂት ስራ በኋላ የራሳችሁ ልክ ይወጣላችኋል። ለምሳሌ አንድ ሰው ከደረት በላይ፣ ቀለል ያለ ልብስ፣ ባዶ ባክግራውንድ 7 ሰአት ከሆነ 2,800 ብር። ሁለት ሰው ከወገብ በላይ 13 ሰአት ከሆነ 5,200። ሙሽሮች ሙሉ ቁመት ከነካባና ከነጥለቱ 18 ሰአት ከሆነ 7,200። ንድፉም፣ ማስተካከያውም፣ ከደንበኛው ጋር ስለስራው ረጅም ያወራችሁበትም ሰአቱ ውስጥ ይግባ።

የሞተ ሰው ማስታወሻ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም በጣም የሚታዘዝ ስራ ሆኖ ዋጋው ሁሌ ያንሳል። አንዷ ልጅ የምርቃት ፎቶዋን ትልክና አባቴን ከጎኔ አድርገህ ሳልልኝ ትላለች። ያላት የአባቷ ፎቶ ምንድነው፣ መታወቂያ ላይ የነበረ ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ፣ እሱም በስልክ ተነስቶ ፍላሹ ግንባሩ ላይ ያበራበት። አይኑ አይታይም፣ ከለሩ አይታወቅም፣ ከደረት በታች ምንም የለም። እንደዚ አይነት ስራ ከመሳሉ በፊት መጠየቅ አለው፦ ከልጆቹ በጣም እሱን የሚመስለው ማነው፣ የሱን ፎቶ ላኪልኝ፣ መልኩ ቀይ ነው ጠይም፣ ቁመቱ ካንቺ ጋር ሲቆም እስከምን ይደርስ ነበር፣ መነፅር ያደርግ ነበር፣ ጋቢ ነው ኮት የሚለብሰው፣ ሲስቅ ጥርሱ ይታያል? ይሄ ሁሉ ስራ ነው፣ ዋጋ ውስጥ ይገባል፣ እኔ ከተለመደው ፖርትሬት ላይ ቢያንስ ግማሽ እጨምራለሁ። አሰራሩ ላይ ደሞ ገላውንና ልብሱን ሳትነኩ ፊቱን ብቻ በንድፍ ጨርሳችሁ ላኩ፣ አዎ እሱ ነው እስክትባሉ ድረስ ወደ ከለር እንዳትገቡ። አይመስልም ካሉ አትከራከሩ፣ እናንተ የማታውቁትን ፊት እነሱ አመታት አይተውታል፣ ምኑ ጋ ነው የሚለየው ብላችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅንድቡና የአገጩ ቅርፅ ነው። ያዘዛችሁ ሰው ኀዘን ላይ መሆኑን አስታውሱ፣ መልስ ቢዘገይባችሁም አትጎትጉቱት።

3. ለምን እንደሚውል ሳትጠይቁ ዋጋ አትናገሩ

ሳሎን የሚሰቀል ስዕልና ካርቶን ላይ ታትሞ ገበያ የሚወጣ ስዕል የፈጀው ሰአት እኩል ቢሆን እንኳ ዋጋቸው እኩል አይደለም፣ ሁለተኛው በሄደበት ሁሉ ለባለቤቱ ገንዘብ ያመጣል። የመጽሐፍ ሽፋን፣ የነጠላ ዜማ ሽፋን፣ የካፌ ግድግዳ፣ ቲሸርት፣ የዩቲዩብ ቻናል፣ እነዚ ሁሉ ንግድ ናቸው። እኔ በሰአት ካሰላሁት ዋጋ ላይ ለአነስተኛ ንግድ ግማሽ፣ ለትልቅ ድርጅት እጥፍና ከዛ በላይ እጨምራለሁ፣ የት የት እንደሚወጣና ለስንት ጊዜ እንደሆነ ደሞ በጽሁፍ አስቀምጣለሁ። ድርጅት ከሆነ ደረሰኝና ቲን ቁጥር ሊጠይቃችሁ ስለሚችል ዋጋ ከመናገራችሁ በፊት እሱን ጨርሱ፣ ግብሩን በኋላ ከራሳችሁ እንዳትከፍሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍላችሁ ሰው ይሄን መላክ ትችላላችሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ዋጋውን በትክክል እንድነግርዎ ስዕሉ ላይ ስንት ሰው እንዳለ፣ ለቤት ወይም ለስጦታ ነው ወይስ ለንግድ የሚውለው፣ መቼ እንደሚፈልጉት ይንገሩኝ። ፎቶዎቹን በፋይል ቢልኩልኝ ጥራታቸው አይቀንስም።»

4. ስምምነቱ በጽሁፍ ይሁን፣ ለዚህ ደሞ ትልቅ ምክንያት አለ

ስሙኝ፣ ይሄን ብዙ ሰዓሊ አያውቀውም። የኮፒራይት ሕጋችን፣ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ስራው በተፈጠረበት ቅፅበት ጥበቃ ይሰጠዋል፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፣ ጥበቃውም በመሰረቱ የሰዓሊው እድሜ ሙሉና ከሞተ በኋላ 50 አመት ነው። እስከዚ ድረስ ደስ ይላል። ግን እዛው አዋጅ ላይ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ታዞ የተሰራ ስራ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የመጀመሪያ ባለቤቱ ያሰራው ሰው ነው ይላል። ማለት ዝም ብላችሁ በቃል ተስማምታችሁ ከሰራችሁ፣ ነገ ሰውየው ስዕሉን ቲሸርት ላይ አትሞ ሲሸጥ ብታዩት ያሰራሁት እኔ ነኝ ብሎ የሚከራከርበት መንገድ አለው። በአንድ አረፍተ ነገር ነው የሚዘጋው፣ ጻፉት። በስማችሁ የመታወቅና ስራችሁ ክብራችሁን በሚነካ መንገድ እንዳይበላሽ የመቃወም መብት ደሞ የሞራል መብት ይባላል፣ እሱ ከገንዘቡ ለብቻ የቆመ ነው።

ለግል ትዕዛዝ ጠበቃ አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ እንደዚ ብላችሁ ጻፉና ተስማምቻለሁ የሚል መልስ ተቀበሉ፦

«አንድ ዲጂታል ስዕል፣ ሁለት ሰው ከወገብ በላይ፣ ባዶ ባክግራውንድ። ዋጋ 5,200 ብር፣ ግማሹ ሲጀመር ግማሹ ሲያልቅ። ንድፉ ላይ ሁለት ጊዜ ማስተካከያ በነፃ። የሚያልቀው ሙሉ ፎቶና ቅድሚያ ክፍያ ከገባ በ15 ቀን ውስጥ። ስዕሉ ለግል ጥቅም ብቻ ነው፣ የኮፒራይት መብቱ የሰዓሊው ነው፣ ለንግድ ማዋል ወይም ለኤአይ (ሰው ሰራሽ አስተውሎት) ማስገባት በተጨማሪ ስምምነት ብቻ ይሆናል።»

ለመጽሐፍ፣ ለሙዚቃና ለድርጅት ስራ ግን በወረቀት ይሁን፣ ፊርማ ይኑረው፣ መብት ማስተላለፍ ራሱ በጽሁፍ መሆን እንዳለበት አዋጁ ያዛል።

ቀኑን ስትጽፉ መብራትና ኔትወርክ የሚጠፋበትን ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ 10 ቀን የሚፈጀውን 15 በሉ። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ሰርጉ ይደራረባል፣ ሰኔና ሐምሌ ምርቃት ነው፣ በነዚ ጊዜያት በሶስት ቀን አድርሱልኝ ለሚል ሰው የአስቸኳይ 30 በመቶ መጨመር ነውር አይደለም፣ ሌሊት የምትነቁበት ነው።

5. ቅድሚያ ክፍያ ሳይገባ ብዕር አታንሱ

ግማሽ ቀድሞ፣ ግማሽ ሲያልቅ። እዚጋ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ «ቀብድ» ብላችሁ አትጻፉ። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ስለቀብድ ይናገራል፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢተው ደሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ታማችሁ ስራውን መጨረስ ካቃታችሁ 2,600 ተቀብላችሁ 5,200 መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። «ቅድሚያ ክፍያ» በሉና ስራው ከተቋረጠ ምን እንደሚሆን እዛው ጻፉ። እኔ ያደረኩት ንድፍ ከመላኩ በፊት ከተሰረዘ ሙሉውን እመልሳለሁ፣ ንድፍ ከፀደቀ በኋላ ደንበኛው ከተወው ቅድሚያው አይመለስም፣ እኔ ካቋረጥኩ ሙሉውን እመልሳለሁ።

ሰው ቴሌብር ወይም ባንክ አስገብቻለሁ ብሎ ስክሪንሾት ሲልክ በስክሪንሾቱ ስራ አትጀምሩ። የተቀናበረ ስክሪንሾት ብዙ አለ፣ የራሳችሁን አካውንት ከፍታችሁ ብሩ መግባቱን እዩ። ውጭ ያሉ ደንበኞች፣ ዋሽንግተን ይሁን ዱባይ፣ ብዙ ጊዜ እህቴ አዲስ አበባ አለች እሷ ትሰጥሃለች ይላሉ፣ ችግር የለውም፣ ግን ከእህቲቱ ጋር ደሞ እንደ አዲስ ዋጋ መከራከር እንዳይመጣ የተስማማችሁበትን መልእክት ለሷም ላኩላት። ለዲያስፖራ ዋጋውን ሶስት እጥፍ የሚያደርጉ ልጆች አሉ፣ እኔ አልስማማም። ሰአቱ ያው ነው፣ አጠቃቀሙ ያው ነው፣ የሚለየው የማስላኪያ ወጪ ካለ እሱ ብቻ ነው። ከሰው አክብሮት የምንፈልግ ከሆነ እኛም ሰውን በሚኖርበት ሀገር መመዘን የለብንም።

6. በደረጃ አሳዩ

መጀመሪያ ንድፍ፣ ከዛ መሰረታዊ ከለር፣ ከዛ የመጨረሻው። በየደረጃው ልቀጥል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ንድፍ ላይ የተሳለውን ሰው እጅ ማዞር የ10 ደቂቃ ስራ ነው፣ ካለቀ በኋላ ግን ልብስ፣ ጥላ፣ ባክግራውንድ ሁሉ ይነካል፣ ስለዚ ከፀደቀ በኋላ ለሚመጣ ለውጥ በሰአት ዋጋችሁ አስከፍሉ። የምትልኩት ማሳያ ትንሽ ይሁን፣ 800 ፒክስል አካባቢ፣ ስማችሁ መሀሉ ላይ በስሱ ይጻፍበት።

7. ዋጋ ቀንስ ሲባል

መከራከር የኛ ሰው ባህል ነው፣ «የመጨረሻው ስንት ነው» ስትባሉ እንደ ስድብ አትውሰዱት። አደራረጉ ይሄ ነው፦ ዋጋውን ሳይሆን ስራውን ቀንሱ። በጀትዎ 3,000 ከሆነ ሙሉ ቁመቱን ትተን ከደረት በላይ ልስራልዎ፣ ወይ ከለሩን ትተን በጥቁርና ነጭ ይሁን በሉ። ያለምክንያት ከ5,200 ወደ 3,000 ከወረዳችሁ ሰውየው መጀመሪያ ሊያታልለኝ ነበር ነው የሚለው፣ እውነቱን ነው ደሞ።

«ላንተ እኮ ሁለት ደቂቃ ነው» ለሚል ሰው የአንድ ስራ የስክሪን ቪዲዮ ላኩለት፣ ፕሮክሬት ራሱ ይቀዳል። «ስምህን እናስተዋውቅልሃለን» ለሚል አመሰግናለሁ፣ ክሬዲቱን ከክፍያው ጋር እቀበላለሁ በሉት። «ኤአይ በነፃ ይሰራልኛል» ካለ አትጣሉ፣ በዛ ከረካ ይሂድ። የአባቱን ፊት በትክክል ሲፈልግ፣ የእናቱን ቀሚስ ጥለት እንደነበረ ሲፈልግ ሰው ያስፈልገዋል።

ዘመድና ጓደኛ ላይ ህግ አውጡ። እኔ ለቅርብ ቤተሰብ በስጦታ እሰራለሁ፣ ስጦታ ነው ብዬ። ለሌላው ሙሉ ዋጋ። የሚያጣላው መሀሉ ነው፣ ዋጋ ሳይነገር ተጀምሮ በኋላ ስንት ልስጥህ የሚባልበት።

8. ማስረከብ

ቀሪው ብር ሲገባ ትልቁን ፋይል ላኩ። ቴሌግራም ላይ በፎቶ ከላካችሁት ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ በፋይል ላኩ። ኤ3 ለማሳተም በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል፣ ስራውን ስትጀምሩ ነው ይሄን ማወቅ ያለባችሁ፣ በኋላ ማሳደግ አይሆንም። ማተሚያ ቤት ሲገባ ከለሩ ከስክሪኑ ትንሽ እንደሚደበዝዝ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ በተለይ ደማቅ ሰማያዊና አረንጓዴ።

ለምታሰሩ ሰዎች

ስትጽፉ «ስንት ነው» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ መቼ፣ ምን ያህል ብር እንዳላችሁ ንገሩ። በጀት መናገር አያሳፍርም፣ ሰዓሊው በዛ ልክ የሚሆን ነገር ያመጣል። የሌላ ሰዓሊ ስራ ልካችሁ ልክ ይሄን አስመስለህ በግማሽ ዋጋ አትበሉ፣ ሁለቱንም ሰው ነው የምትጎዱት። ያላችሁን ጥሩውን ፎቶ ላኩ፣ ቲክቶክ ፊልተር ያለበት ፎቶ ላይ ሰዓሊው የናንተን አፍንጫ አያገኘውም። ንድፍ ሲላክላችሁ በሁለት በሶስት ቀን ውስጥ መልሱ፣ ዝም ካላችሁ የሱም ሌላ ስራ ይቆማል። ካልወደዳችሁት ምኑን እንዳልወደዳችሁት ተናገሩ፣ «ብቻ አልመሰለኝም» አይሰራበትም። ፊርማውን ቆርጣችሁ ፖስት አታድርጉ፣ ስሙን ታግ አድርጉ። ሀሳባችሁን ከቀየራችሁ ደሞ ብሎክ ከማድረግ ትቼዋለሁ ማለት ይቀላል፣ ማንም አይቆጣችሁም።

ስራችሁ ያለፈቃድ ሲወጣ ካያችሁ

መጀመሪያ ማስረጃ ያዙ፣ ስክሪንሾት ከነቀኑና ከነሊንኩ፣ የራሳችሁን ኦርጅናል ፋይል ከነሌየሩ (ተደራርበው ስዕሉን ከሚሰሩት ንብርብሮች ጋር) አታጥፉ፣ ማን እንደሰራው የሚያሳየው እሱ ነው። ከዛ በውስጥ ጻፉ፣ ኮመንት ላይ አትጩሁ፣ ብዙ ሰው ባለማወቅ ነው የሚያደርገው፣ «ይሄ ስዕል የኔ ነው፣ ለግል ብቻ ነበር የተስማማነው፣ ለንግድ ለመጠቀም ዋጋው ይሄ ነው፣ ካልሆነ እስከ አርብ ይውረድ» ብላችሁ ቁጥርና ቀን ያለው ነገር ላኩ። አንድ ካፌ ሜኑው ላይ ያወጣውን ስራዬን በዚሁ መልእክት ነው ያስከፈልኩት። መልስ ካጣችሁ በየፕላትፎርሙ የኮፒራይት ሪፖርት አለ፣ ኢንስታግራምም ፌስቡክም ዩቲዩብም፣ እሱን ሙሉ። በህትመት የወጣ ከሆነ ደሞ ስምምነታችሁን አትማችሁ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ቀጥሎ ያለው የጠበቃና የፍርድ ቤት መንገድ ነው፣ እዛ ሲደረስ ቴሌግራም ላይ «ተስማምቻለሁ» ያለው መልእክት ስለሚያስፈልጋችሁ ቻቱን እንዳታጠፉት።